የእድራችን ገንዘብ በሳንድተን

ማክሰኞ፣ ጁን 3

ያንን የአክሲዮን ደላላ ቲቶን ዛሬ ሊፍት ውስጥ አገኘሁት። ሳንድተን፣ ጠበቃዬ ዛሂራ ጋ ስሄድ፤ የእነ ቲቶም ጠበቆች ለካ እዚያው ሕንፃ ላይ ናቸው። «ሳውቦና ማ! ቤተሰብ ደህና?» አይለኝም ፈገግ ብሎ! ዓይን አውጣ! የሬሳ መሸኛ ገንዘብ የበላ ሰው ስለ ቤተሰብ ይጠይቀኛል። እኔስ ምን አልኩት? «ደህና» አልኩት። ይሄን ምላሴን መቁረጥ ነበር። ስድቡን ሁሉ አፌ ውስጥ እንደያዝኩ እሱ ቀድሞኝ ወረደ፣ እኔም «ደህና ዋል» ብዬ ሸኘሁት። ቤት ከገባሁ ጀምሮ ያላልኩትን ሁሉ ለግድግዳው እያልኩት ነው።

ነገሩን አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ። እድራችን አንድ ሥራ ብቻ ነው ያለው፤ ሰው ሲሞት ሬሳውን ወደ አገር ቤት ይልካል። ዲፕስሉትም ሆነ ካትሌሆንግ ሰፈር ስፓዛ ሱቅ የከፈተ የእኛ ልጅ በየወሩ የሚያዋጣው፣ አንድ ቀን ቢተኮስበት እናቱ እንድትቀብረው ነው። ገንዘቡ ሲጠራቀም «ባንክ ውስጥ ከሚተኛ ይሥራ» ተባለ። በማን ስም? ሁሉም አሳይለም ፔፐር፣ ጊዜያዊ የጥገኝነት ወረቀት፣ ነው የያዙት፤ የአገሩ አይዲ የነበረኝ እኔ ገንዘብ ያዧ ብቻ ነኝ። ስለዚህ ሁለት ሚሊዮን አንድ መቶ ሺህ ራንድ በእኔ በደስታነሽ ስም ቲቶ የሚሠራበት ድርጅት ገባ። አክሲዮን ይገዛልናል፣ ቀስ እያለ ያድጋል ተባልን። ሰውዬው በእኛ ገንዘብ ላይ ብድር እየጨመረ ጠዋት ሲገዛ ማታ ሲሸጥ፣ በእያንዳንዱ ላይ የራሱን ኮሚሽን ሲነጭ ከረመና ባዶ አደረገን። ባዶ ብቻ ቢሆን! ደግሞ አርባ ሺህ ራንድ ዕዳ አለብሽ ብለው ጻፉልኝ።

ውሉ ላይ ጠብ ቢነሳ ፍርድ ቤት ሳይሆን በግልግል ዳኝነት ይታያል ይላል። ጁን 23 ጡረታ የወጡ አንድ ዳኛ ፊት እንቀርባለን። ዛሂራ ምን ያህል እንጠይቅ ስትለኝ ሙሉውን ከነወለዱ አልኳት። ሳንቲም አልቀንስም።

እሁድ፣ ጁን 8

ከቤተ ክርስቲያን ተቃጥዬ ነው የመጣሁት። ሰላምታ እንኳ ተመጥኖ ነው የሚሰጠኝ። የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ፋንታሁን እጄን ይዞ «እህት ደስታነሽ፣ ጌታ ሁሉን ያውቃል፤ ጸልዪ» አለኝ። እኔ ልጸልይ? ሌባው ሌላ፣ ንስሐው የእኔ!

ከኋላዬ የተቀመጡት ሁለቱ ሴቶች ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸዋል። «የብርድ ልብሱን ኮንቴነር በምን ልታስገባው ነው?» ትላለች አንዷ። «በእድራችን ነዋ» ትላታለች ሌላዋ። ዞር ስል ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፍነው መዝሙር ጀመሩ። ለማናሴ ነገርኩት። ባሌ መቼም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ «ይቅር በያቸው» አለኝ። ለእሱ የሚቀለው ነገር ሁሌም ይቅርታ ነው።

የብርድ ልብስ ሱቄን ጄፒ ገበያ የከፈትኩት ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ተነስቼ፣ ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ ጎረቤት ለምኜ እያስጠበቅኩ ነው። ኮንቴነሩ የእኔ ላብ ነው። ይሄን ለማንም ማስረዳት የለብኝም።

ረቡዕ፣ ጁን 11

ኮንቴነሩ ገባ። ሙሉውን በጥሬ ከፈልኩ። ብርዱ ዘንድሮ ኃይለኛ ነው፣ ይሸጣል። ወገቤ ተቆረጠ። ዛሂራ ሦስቴ ደወለች፣ አላነሳሁም።

ቅዳሜ፣ ጁን 14

ዱባለን ገደሉት።

ዲፕስሉት፣ ሱቁ ውስጥ፣ ትናንት አመሻሽ ላይ። ወንድሙ ምሕረቱ ነው የደወለልኝ። አብረው ነበር የሚሠሩት፤ እሱ ዳቦ ሊያመጣ ወጥቶ ነበር። ጎረቤቶቹ እንደነገሩት ዱባለ ገንዘቡን አውጥቶ ለዘራፊዎቹ ሰጥቷቸዋል። ሰጥቷቸው ነው የተኮሱበት! ጌታ ሆይ፣ ምን ዓይነት ሰው ነው ይሄ?

በየወሩ መጀመሪያ ጄፒ ድረስ መጥቶ መዋጮውን በእጁ የሚከፍል እሱ ብቻ ነበር። ሌላውን ለምኜ፣ ተለማምጬ ነው። «ደረሰኝ ልስጥህ» ስለው «ምን ያደርግልኛል፣ አንቺ አለሽ አይደል?» ይለኝ ነበር።

ሰኞ፣ ጁን 16

በዓል ስለሆነ ሱቅ ዝግ ነው። እድሩ ተሰበሰበ። ዱባለን አዲስ አበባ አድርሶ ከዚያ በመኪና አገሩ ዱራሜ ለማስገባት ሰማንያ ሺህ ራንድ ያስፈልጋል። ጋሽ ፋንታሁን ተነስቶ «እንደምታውቁት ሳጥናችን ባዶ ነው፤ ዛሬ እንደ አዲስ እናዋጣ» አለ። የሁሉም ዓይን ጫማው ላይ።

ከዚያ ከካትሌሆንግ የመጣ አንዱ ጎረምሳ ከኋላ ሆኖ፣ «እድሩ ገንዘብ አለው እኮ። እህት ደስታነሽ ጋ ነው» አለ። ቱግ አልኩ። ተነስቼ ምን እንዳልኩ አላውቅም፣ ማናሴ ቀሚሴን ይጎትተኛል። ሳምንት ዳኛ ፊት እንደምንቀርብ፣ ሙሉውን እንደማስመልስ ነገርኳቸው። አንዱ ሽማግሌ ደግሞ «ግልግል ከሆነ ታዲያ ሽማግሌ ለምን አልላክንበትም? ሰውዬው ወጥቶ ይቅርታ ይበለን» አይሉም! ሳንድተን ድረስ ሽማግሌ ይላክ! ልሳቅ ወይስ ላልቅስ?

የተሰበሰበው አሥራ አንድ ሺህ። «መጀመሪያ የቀደመውን ታምጣ» እያሉ ነው የወጡት። ምሕረቱ በሩ ጋ ቆሞ እጅ እየጨበጠ ሁሉንም ያመሰግናል፣ ያልሰጡትንም።

መኪና ውስጥ ማናሴ ጀመረኝ።

«ደስቱ፣ ይቺን ባኪ እንሽጣት። ወይ ከብርድ ልብሱ ላይ እናውጣ።»

«አንተ ሰው፣ ጤና የለህም? ዛሬ ከኪሴ ብከፍል፣ በልታ ነበር፣ ሰው ሲሞትባት መለሰች አይሉም?»

ሞተሩን አስነሳ።

«ይላሉ አይደል? ንገረኝ!»

«ይላሉ» አለ። ደግሞ «ግን ልጁ አገሩ ይገባል» አለ።

ከዚያ ወዲያ እስከ ቤት አላናገርኩትም። ስሜ ለእሱ ምኑም አይደለም ማለት ነው።

ሐሙስ፣ ጁን 19

እነ ቲቶ ኦፈር ላኩ። ሰባት መቶ ሺህ ራንድ። በሳምንት ውስጥ ይከፍላሉ። እኔ ደግሞ ክሱን ትቼ፣ ድርጅቱም ቲቶም ምንም ጥፋት አልሠሩም የሚል ወረቀት ላይ ልፈርም፣ ሁለተኛም ስለነሱ ትንፍሽ ላልል። መልስ እስከ ነገ ከሰዓት ይፈልጋሉ። ምንም ጥፋት አልሠሩም ብዬ! እጄ ይቆረጥ!

ዛሂራን ምን ትያለሽ አልኳት። «እኔ ብሆን አስብበት ነበር። ልናሸንፍ እንችላለን፣ ልንሸነፍም እንችላለን። ሰው ሞቶባችኋል ብለሽኛል» አለችኝ።

«አንቺ ለማን ነው የምትከራከሪው?» አልኳት።

«ለአንቺ። ለዚህ ነው የምነግርሽ» አለች። የፎርድስበርግ ህንዶች ልጅ ናት፤ ብትጮህባትም አትጮህብህም። ይሄ ደግሞ የባሰ ያናድደኛል።

ለእድሩ አልነገርኩም። ሒሳቡ በእኔ ስም ነው፣ ፊርማውም የእኔ ብቻ። ብነግራቸው ተቀበይ ይሉኛላ! ሲሶውን እንደያዙ ደግሞ በማግስቱ «የቀረውን ደብቃ ነው» ይሉኛል። አውቃቸዋለሁ። ሰባት መቶ ሺህ ይዤ መጥቼ ሌላውን አንድ ሚሊዮን አራት መቶ ሺህ ዕድሜ ልኬን ልጠየቅ? ማናሴ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ እሱም ስነግረው ሰምቶ ተነስቶ ወጣ።

ዓርብ፣ ጁን 20

ምሕረቱ ዛሬ ሱቅ መጣ። ምንም አልጠየቀም። የብርድ ልብሱ ክምር ላይ ቁጭ አለ፣ ሰው ሲገዛ ሲወጣ ሲገባ ያያል። ሻይ ላስመጣልህ ስለው እምቢ አለ። ፖሊስ ሬሳውን ለቋል፤ የቀብር ድርጅት ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው፣ በየቀኑ ያስከፍላል። አገር ቤት ድንኳን ተጥሏል፤ እናታቸው አማረች ሬሳው ሳይመጣ አልነሳም ብለው መሬት ላይ ናቸው።

«ትንሽ ይጠብቁ በላቸው፣ እያለቀልን ነው» አልኩት።

«እሺ እህቴ» አለኝና እንደተቀመጠ ቀረ። ስልኬን ሳነሳ ያየኛል፣ ሳስቀምጥ ያየኛል። የሚያውቀው ነገር አለ እንዴ? ማናሴ ነግሮት ይሆን? ከሰዓት ካለፈ በኋላ ተነሳ። አንድ ብርድ ልብስ ልሰጠው ስል «አለኝ» ብሎ ሄደ።

ዛሂራ ጋ ደውዬ አልፈርምም ብያታለሁ። ፍትሕ ነው የምፈልገው። በቃ።

ማክሰኞ፣ ጁን 24

የግልግሉ ሁለተኛ ቀን። መስታወት ብቻ የሆነ ክፍል፣ ጠረጴዛው ላይ ከረሜላና ውሃ። ዳኛው ሽማግሌ ናቸው፣ ሲያዳምጡ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ቲቶ ግራጫ ሱፍ። ለእኔ «ማ» እያለ ነው የሚመሰክረው፣ የወለድኩት ይመስል።

ለካ የስልክ ንግግር ሁሉ ይቀዳ ኖሯል! ድምፄን በሰው ፊት አጫወቱት። እኔ ነኝ፤ በዚያ በተሰባበረው እንግሊዝኛዬ፣ «ቲቶ፣ ሌሎች ሃያ በመቶ አገኙ፣ እኛ ለምን ስምንት? አንተ ፈሪ ነህ እንዴ?» እያልኩ። አንዴ አይደለም፣ አራት ጊዜ አጫወቱት፣ አራት የተለያየ ወር። የነሱ ጠበቃ «ይህ የእርስዎ ድምፅ ነው?» ይለኛል። የማን ሊሆን ነው ታዲያ! ማናሴ ከኋላ ተቀምጦ ነበር፤ አንገቱን ደፋ።

አዎ ብያለሁ። ገንዘባችን ይደግ ማለት ኃጢአት ነው? ይደግ ማለት ዝረፈኝ ማለት ነው? ይሄንኑ ለዳኛው ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝና ጻፉ። ዛሂራም ደህና አድርጋ ቲቶን ይዛዋለች፤ በአንድ ዓመት ውስጥ የእኛን ገንዘብ ስንት ጊዜ እንዳገለባበጠው ስትጠይቀው ከረሜላውን ዋጠው።

ማታ ማናሴ «ሃያ በመቶ ብለሽ እንደጎተጎትሽው ለእድሩ ነግረሻቸው ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ራት አላቀረብኩለትም። ራሱ ያሙቅ።

ረቡዕ፣ ጁን 25

አለቀ። ዳኛው ፍርዱን ከወር በኋላ በጽሑፍ እንሰጣለን አሉ። ወር! ለእሳቸው ምናቸው ነው።

እሁድ፣ ጁን 29

ምሕረቱ እዚሁ ልቀብረው ነው አለ። ደወልኩለት። «አንድ ወር ብቻ ጠብቅ፣ ከዚያ በክብር እንልከዋለን» አልኩት። «ደከመኝ እህቴ» አለኝ፣ ሌላ አልጨመረም። እንዴት ሰው ስለ ወንድሙ ደከመኝ ይላል? ተናድጄ ስልኩን ዘጋሁት። ቆይቶ ነው የማቀዝቀዣው ኪራይ ትዝ ያለኝ።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 5

ቀበርነው። ቀይ አፈር፣ ደረቅ ንፋስ። ጉድጓዱን በማሽን ነው የቆፈሩት። ምሕረቱ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ ለእናታቸው በቪዲዮ ያሳያል፤ እሪታው ከዚያች ከትንሽ ስልክ ሲወጣ ሰው ሁሉ ይሰማል። መሐል ላይ መስመሩ ተቋረጠ። ምሕረቱ እየደጋገመ ቢደውልም እምቢ አለው፣ ቆፋሪዎቹም ቀጣይ ቀብር አለብን ብለው አፈሩን መለሱት።

ያ የካትሌሆንጉ ጎረምሳ አለቀሰ። ሃምሳ ራንድ አላዋጣም እኮ! እንባ ነጻ ነው መቼም። ጋሽ ፋንታሁን ሲጸልይ «ጌታ ሆይ፣ በመካከላችን ያለውን የልብ ድንዳኔ አንሳ» አለ። ለማን እንደሆነ ገብቶኛል። ደፍሮ ስሜን ቢጠራ ይሻለው ነበር።

የመቃብሩን ቦታ ማን ከፈለ ብዬ ብጠይቅ ማንም አልነገረኝም። የማናሴ ላፕቶፕ ግን ቤት የለም።

ረቡዕ፣ ጁላይ 16

ከዛሂራ ምንም የለም። ሱቅ ሥራ በዝቷል። ብርድ ልብሱ ሊያልቅ ነው። እንዲህ ዓይነት ዓመት አይቼ አላውቅም። ሌሎች ቢሆኑ እግዚአብሔርን ባመሰገኑ ነበር፤ እኔ የዛሂራን ስልክ ነው የምጠብቀው።

ሰኞ፣ ጁላይ 21

ሌሊቱን ሙሉ ከቲቶ ጋር ስጨቃጨቅ አደርኩ፣ በልቤ። ሊፍቱ ውስጥ ልለው የሚገባኝን ሁሉ። ዱባለን የገደልከው አንተ ነህ፣ ሬሳውን ያስቀረኸው አንተ ነህ አልኩት። አዎ፣ እሱ ነው። ገንዘቡ ቢኖር ልጁ በሳምንቱ ዱራሜ ነበር። ማንም ሊክደኝ አይችልም።

ማናሴ ሳሎን መተኛት ጀምሯል። ማንኮራፋቴ ነው አሉ።

ሐሙስ፣ ጁላይ 31

አሸነፍን! አሸነፍኩ!

ዛሂራ ስትነግረኝ ሱቁ መሐል እልል አልኩ፤ ጎረቤቶቼ ዘራፊ የገባብኝ መስሏቸው ዱላ ይዘው መጡ። ሙሉው ገንዘብ፣ ወለዱ፣ የጠበቃውም ወጪ ጭምር፤ አንድ ላይ ሦስት ሚሊዮን አንድ መቶ አርባ ሺህ ራንድ! አርባ ሺህ ዕዳ ያሉትም ተሰረዘ። ዛሂራ ይሄን የሚያህል ለግለሰብ ሲፈረድ በሥራ ዘመኗ አላየችም። ዳኛው፣ ድርጅቱ የተጣለበትን አደራ ለራሱ ጥቅም በልቷል ብለው ጽፈዋል። አደራ! ይሄን ቃል በትልቁ አሳትሜ እድሩ በር ላይ ነው የምለጥፈው።

ስለ እኔም አንድ አንቀጽ ጽፈዋል፣ ስለ ስልኩ ነገር። ረጅም ነው፣ እንግሊዝኛውም ከባድ ነው። ዛሂራ ላንብብልሽ ስትለኝ ተይው አልኳት። የተፈረደልኝ እኔ ነኝ።

እሁድ፣ ኦገስት 3

ያው ሰው፣ ያው አዳራሽ። ዛሬ ግን አቅፈው ሊገድሉኝ! ጋሽ ፋንታሁን መድረክ ላይ አወጣኝ፣ «ጌታ በእህታችን እጅ ታላቅ ነገር አደረገ» አለ፣ ተጨበጨበ። ያቺ ስለ ኮንቴነሩ የምታወራዋ ሴትዮ ሁለት ጉንጬን ስማኝ «ድሮም አውቄሻለሁ» አትለኝም! እኔም ሳልምራት «ከኋላዬ ስትቀመጪ ነው የምታውቂኝ» አልኳት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደሜ ነው የፈላው።

ምሕረቱ አልመጣም።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 16

ከፈሉ። ጋዜጣ ላይ እንዳይወጣባቸው ነው መሰለኝ ይግባኝ ምናምን ሳይሉ ከፈሉ። ከባንክ የመጣውን መልእክት ደጋግሜ አየሁት። ማናሴ «እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ፣ እንደ ሩቅ ሰው።

እሁድ፣ ኦገስት 17

እድሩ ተሰበሰበ። ግማሹ ድርሻችን ይከፈለን ይላል፣ ግማሹ በሌላ ድርጅት ይግባ። አንዱማ «ሃያ በመቶ የሚሰጥ አለ» አለ! ሳልሰድበው የቀረሁት ስልክ ስለ መጣ ነው። የኢትዮጵያ ቁጥር ነው። የዱባለ እናት ናቸው፤ ቁጥሬን ከማን እንዳገኙ አላውቅም። ውጭ ወጥቼ አነሳሁት።

«ደስታነሽ ማለት አንቺ ነሽ ልጄ?»

«አዎ እናቴ። እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

«ዱባለ ያነሳሽ ነበር። ገንዘቡ ተገኘ አሉኝ፣ እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ሙሉው ተገኘ። ፈረዱልን።»

«ተመስገን። ተመስገን ልጄ» አሉ። ሲያለቅሱ ጠብቄ ነበር፣ አላለቀሱም። «እንግዲህ ልጄን አውጡልኝና ላኩልኝ። ድንኳኑን አላነሳሁትም። ጎረቤት ተይ ቢለኝ፣ የከፈለበት ነገር ነው፣ ይመጣል እያልኩ ነው።»

«እናቴ፣ ከተቀበረ እኮ…» አልኩ። «አውቃለሁ፣ በስልክ አይቻለሁ» አሉኝ። «ያን ጊዜ ገንዘብ አልነበራችሁም። አሁን አላችሁ።»

እሺ አልኳቸው። ስብሰባው ውስጥ ተመልሼ ስገባ አሁንም በመቶኛ ይጨቃጨቃሉ። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ኦገስት 20

የመቃብር ቢሮ። ሬሳ ማውጣት ይቻላል፤ ፈቃድ፣ የጤና ሰው፣ ክፍያ። ለክፍያው ግድ የለኝም። ጸሐፊዋ ቅጹን እየሞላች «ለሟች ምኑ ነሽ?» አለችኝ።

«የእድሩ ገንዘብ ያዥ ነኝ።»

«ዘመድ ነሽ?»

«ገንዘብ ያዥ ነኝ አልኩሽ እኮ!» ጮኼባታለሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እሷም ረጋ ብላ፣ ማመልከት የሚችለው የሥጋ ዘመድ ብቻ ነው፣ ወንድም ካለው ይፈርም ብላ ቅጹን መለሰችልኝ። ባኪዋ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ንዴት ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል።

ሐሙስ፣ ኦገስት 21

ዲፕስሉት ሄድኩ። ሱቁን ከፍቶታል። ያው ሱቅ፣ ያው ፍርግርግ፣ ያው መስኮት፤ ምን ያድርግ፣ ሌላ የለውም። ዳቦ የሚገዙ ሴቶችና የትምህርት ቤት ልጆች ተሰልፈዋል። እኔ ቀጥታ መስኮቱ ጋ ሄጄ «ምሕረቱ!» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። አልተቆጣም።

«ሰልፉን ያዢ እህቴ» አለኝ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ለዚያች ቃል ዲፕስሉትን አናውጠው ነበር። ሄጄ ከመጨረሻዋ ሴትዮ ኋላ ቆምኩ። የሞባይል ካርድ ይገዛሉ፣ ለምድጃ ፓራፊን ይገዛሉ፣ አንዱ ልጅ አንድ እንቁላል ብቻ ይገዛል። ምን እንደምለው እያዘጋጀሁ ነበር፤ ስለ ዳኛው፣ ስለ ቲቶ፣ ያን ጊዜ ለምን እንዳልፈረምኩ። ተራዬ ደረሰ።

«ምን ልስጥሽ?» አለኝ፣ እንደ ማንኛውም ገዢ።

ቅጹን በፍርግርጉ አሾለክሁለት። «ፊርማህን» አልኩት። «እናትህ ደውለውልኝ ነው።»

አነበበው። ሁሉንም፣ ከላይ እስከ ታች። ሰልፉ ከኋላዬ ማጉረምረም ጀመረ። ከዚያ ዳቦዎቹን ገፋ አድርጎ መደቡ ላይ ፈረመ፣ ለሟች ምኑ ነህ የሚለው ላይም «ወንድም» ብሎ ጻፈ። የእሱ ፊርማ ይሄን ያህል ብቻ ነው የፈጀው። ወረቀቱን መለሰልኝና በትከሻዬ አሻግሮ ከኋላዬ ያለችውን ልጅ «ሳውቦና ሲሲ፣ ምን ልስጥሽ?» አላት።